ከማሳ እስከ ልብ፤ በጎጃም ደጋ የሴሌኒየም ጉዳይ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መርጡለ ማርያም ዙሪያ የሚኖር አርሶ አደር ቤተሰብ በአብዛኛው የሚመገበው ራሱ ዘርቶ ያጨደውን ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ መንደር ወፍጮ ይሄዳል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የአርሲ ስንዴ፣ የአዳ ጤፍ እና ከውጭ የገባ ዱቄት ሊመገብ ይችላል። የደጋው አርሶ አደር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመገበው ከአንድ አካባቢ አፈር የበቀለን እህል ነው። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ የጎደለው ነገር በሰውነቱም ውስጥ የመጉደል ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለ ናይትሮጅን እና ስለ ፎስፈረስ እጥረት በየቀበሌው ብዙ ተነግሯል። ሰብሉ ሲቀጭጭ፣ ቅጠሉ ሲገረጣ በዓይን ይታያልና። ሴሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሰብሉ ያለ ሴሌኒየም ያድጋል፣ ያፈራል፣ ምርቱም አይቀንስም። እጥረቱ የሚታየው እህሉን በሚመገበው ሰው እና በሚመገበው እንስሳ ላይ ነው። ከሚጎዱት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ደግሞ ልብ ነው።

በደም ናሙና የታየው

እ.ኤ.አ በ2015 በመላ አገሪቱ የደቂቅ ንጥረ ነገሮች ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከዚያ ጥናት ተቀምጠው ከቆዩ የደም ናሙናዎች ውስጥ የ3 ሺህ 269 ሰዎች ናሙና ለሴሌኒየም ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ ሆኗል። ከተመረመሩት ውስጥ 35 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆኑት በቂ ሴሌኒየም አልነበራቸውም። ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ማለት ነው።

ቁጥሩ ለአገሪቱ በጠቅላላ ሲሆን ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ደግሞ እጅግ ሰፊ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በምሥራቅ እና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚኖሩ ሰዎች የሴሌኒየም መጠናቸው ከፍተኛ ነው። በምዕራብ እና በሰሜን ምዕራብ የሚኖሩት ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛው የክልል ውጤት የተመዘገበው ከጎጃም ጋር በሚዋሰነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የጎጃም ምድርም የሚገኘው በዚሁ በሰሜን ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ነው።

እህሉም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ እና ከሌሎች ተቋማት ጋር በመሆን በአማራ፣ በኦሮሚያ እና በትግራይ ክልሎች ከአርሶ አደር ማሳ የእህል እና የአፈር ናሙና ሰብስቦ መርምሯል። በማላዊም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ በ2021 የታተመው ይህ ጥናት በእህል ውስጥ ያለው የካልሲየም፣ የብረት፣ የዚንክ እና የሴሌኒየም መጠን እህሉ እንደበቀለበት ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ሁለት ቤተሰቦች እኩል ጤፍ እየተመገቡ አንዱ በቂ ሴሌኒየም ሲያገኝ ሌላው ላያገኝ ይችላል።

በአማራ ክልል ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረዋል። ከአዮዲን እጥረት ጋር የሴሌኒየም እጥረትም ያለባቸው ሕፃናት አዮዲን ከተሰጣቸው በኋላ እንኳ የእንቅርት ዕጢያቸው በሚገባ አያገግምም። ምክንያቱም ሰውነት ከአዮዲን የሚሠራውን ሆርሞን ለሥራ ዝግጁ የሚያደርጉት ሴሌኒየም ያላቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ይህ ሆርሞን ሲዛባ የልብ ምትም አብሮ ይዛባል። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ግዴታ በሆነበት አገር ጨው ብቻውን የማይፈታው ችግር መኖሩን ይህ ያመለክታል።

የልብ ጡንቻን ምን ያገናኘዋል?

ልብ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ጡንቻ ነው። ብዙ ኦክስጅን ስለሚያቃጥል ሕዋሳትን የሚጎዱ ተረፈ ምርቶችም ይፈጠሩበታል። ሰውነት እነዚህን ተረፈ ምርቶች የሚያከሽፈው ሴሌኒየም በውስጣቸው ባለ ፕሮቲኖች ነው። ሴሌኒየም ሲያንስ መከላከያው ይሳሳል፤ የልብ ጡንቻም ለጉዳት ይጋለጣል።

የዚህ ዋነኛው የዓለም ምሳሌ የመጣው ከቻይና ነው። እ.ኤ.አ በ1935 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ኬሻን በተባለ ወረዳ ብዙ ሰዎችን የገደለ የልብ በሽታ ታየ። በኋላም በሽታው በወረዳው ስም ኬሻን ተባለ። የልብ ጡንቻ እየላላ፣ ልብ እየሰፋ፣ ደም የመግፋት አቅሙ እየደከመ የሚሄድበት ሕመም ነው። ይበልጥ የሚያጠቃው ሕፃናትን እና በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ነበር። ተጠቂዎቹ ከሞላ ጎደል ራሳቸው ያመረቱትን የሚመገቡ የገጠር ገበሬዎች ነበሩ። በሽታው የታየባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲቀመጡ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ መቀነት ሠሩ፤ ያ መቀነት የአፈሩ ሴሌኒየም እጅግ አነስተኛ የሆነበት ምድር ነበር።

የቻይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ1974 በሲቹዋን ክፍለ ሀገር ሚያንኒንግ ወረዳ ሙከራ አደረጉ። ለ4 ሺህ 510 ሕፃናት የሴሌኒየም ክኒን ሰጡ፤ ለ3 ሺህ 985 ሕፃናት ደግሞ ሴሌኒየም የሌለበትን ክኒን። በዚያ ዓመት ሴሌኒየም ካገኙት 10 ሕፃናት ሲታመሙ ካላገኙት ግን 54 ታመሙ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች እጥረቱ ብቻውን ሳይሆን ከቫይረስ ጋር ተደምሮ በሽታውን እንደሚያስነሳ አመልክተዋል። ሴሌኒየም ባነሰው ሰውነት ውስጥ ደካማ የነበረ ቫይረስ ልብን የሚጎዳ ሆኖ እንደሚለወጥም በአይጦች ላይ ታይቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጎጃም የሴሌኒየም መጠን ዝቅተኛ ነው ማለት የኬሻን በሽታ አለ ማለት አይደለም። በአገራችን ገጠር ወጣቶችን የሚያጠቃው ዋነኛው የልብ ሕመም ከቶንሲል ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነው። በጎልማሶች ላይ ደግሞ የደም ግፊት ይበረታል። ሴሌኒየም ለእነዚህ መድኃኒት አይደለም። የቻይናው ታሪክ የሚያስተምረን የአፈር እጥረት በእህል በኩል እስከ ልብ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

አፈሩ ለምን ይነፍጋል?

እጥረት ሲባል ሁልጊዜ ንጥረ ነገሩ በአፈሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ሴሌኒየም በአፈር ውስጥ እያለም ተክሉ ላያገኘው ይችላል። በብረት እና በአልሙኒየም በበለጸገ፣ አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ውስጥ ሴሌኒየም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አሲዳማነቱ ሲቀንስ ግን ይለቀቅና ሥር ሊስበው በሚችለው መልክ ይገኛል። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ ሲነገር ቆይቷል፤ የምሥራቅ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎችም ችግሩ ከበረታባቸው መካከል ናቸው።

ስለዚህ ኖራ መጨመር ለምርት ብቻ የሚደረግ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። አሲዳማ ማሳን በኖራ ማከም የፎስፈረስን አገልግሎት ከማሻሻሉ ባሻገር በአፈሩ ውስጥ የታሰረው ሴሌኒየም እንዲለቀቅ ያግዛል። ሆኖም ኖራ በዘፈቀደ ከበዛ ዚንክን ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋል። መጠኑ በአፈር ምርመራ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ድኝ ነው። ድኝ እና ሴሌኒየም በባሕርያቸው ስለሚመሳሰሉ የተክሉ ሥር ሁለቱን በአንድ በር ያስገባቸዋል። ድኝ ሲበዛ ሴሌኒየም ይገፋል። አርሶ አደሩ ሲጠቀምበት የቆየው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ድኝ አለበት። ይህ ማለት ማዳበሪያውን መተው ይገባል ማለት አይደለም፤ ድኝ ለሰብሉ አስፈላጊ ነውና። ነገር ግን ምርቱ በጨመረ ቁጥር በአንድ እፍኝ እህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም እየሳሳ ሊሄድ እንደሚችል የማዳበሪያ ቅይጥ የሚወስኑ አካላት ሊያስቡበት ይገባል።

የማሳው አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። በክልላችን በአባ ገሪማ፣ በደብረ መዊ እና በማርቁማ የተደረገ ጥናት ተክል ሊያገኘው የሚችለው ዚንክ ከተዳፋቱ ይልቅ በግርጌው ማሳ ላይ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ለም አፈር ታጥቦ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ከደጋው አንስቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በእነብሴ ሳር ምድር ዓይነት ወረዳ ከአንድ ማሳ የተወሰደ የአፈር ናሙና ለመላው ቀበሌ አይሠራም። እርከን እና የተፋሰስ ሥራም ለደቂቅ ንጥረ ነገሮች ጥበቃ መሆኑ መታወቅ አለበት።

በከብቱ ላይ የሚታይ ምልክት

የሴሌኒየም እጥረት ቀድሞ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በእንስሳት ላይ ነው። የጡንቻ መንጣት የሚባለው በሽታ በተለይ ጠቦትን፣ ግልገልን እና ጥጃን ያጠቃል። ከተወለደ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሆነው እንስሳ እግሩ ይደርቃል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ መነሣት ያቅተዋል። ጉዳቱ የልብ ጡንቻን ሲነካ ደግሞ ደህና ሲቦርቅ የነበረው ጠቦት በድንገት ወድቆ ይሞታል። ሲታረድ ወይም ሲመረመር ጡንቻው የተቀቀለ ሥጋ መስሎ ነጥቶ ይታያል። በላሞች ላይ የእንግዴ ልጅ መቅረት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው እጥረት ነው።

እነዚህ ምልክቶች በሌሎች በሽታዎችም ይመጣሉ። ስለዚህ አርሶ አደሩ ሲያያቸው በቅርብ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ አለበት። ሕክምናው ሴሌኒየም ከቫይታሚን ኢ ጋር ያለው መርፌ ነው። መጠኑ ትንሽ ካለፈ እንስሳውን ስለሚገድል ከገበያ ገዝቶ በግምት መውጋት አደገኛ ነው። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን በቀበሌ ለይቶ ቢመዘግብ የሴሌኒየም እጥረት የሚጠረጠርበትን ቦታ ለማወቅ ርካሽ እና ፈጣን መንገድ ይሆናል።

የፊንላንድ ተሞክሮ

የፊንላንድ አፈር አሲዳማ እና ሴሌኒየም ያነሰበት ነው። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ የአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በልብ ሕመም ሞት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ይመደብ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ በ1984 በፋብሪካ በሚመረተው ቅይጥ ማዳበሪያ ውስጥ ሴሌኒየም እንዲጨመር ወሰነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእህሉ፣ የወተቱ እና የሥጋው ሴሌኒየም ጨመረ፤ ሕዝቡ በየቀኑ የሚያገኘው መጠንም ከእጥፍ በላይ ሆነ። አርሶ አደሩ ያደረገው የተለየ ነገር አልነበረም፤ እንደወትሮው ማዳበሪያውን ተጠቀመ።

በልብ ሕመም ላይስ? በፊንላንድ የልብ ሕመም ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ይሁንና መቀነስ የጀመረው ሴሌኒየም ማዳበሪያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። በሰሜን ካሬሊያ እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ ማጨስን፣ ጨውን እና ስብን ለመቀነስ የተደረገው ሰፊ ዘመቻ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ ፊንላንድ ያረጋገጠችው የአፈር እጥረትን በማዳበሪያ ማረም እንደሚቻል ነው። የልብ ሕመም በሴሌኒየም ብቻ ይወገዳል የሚል ማስረጃ ግን ከዚያ አይገኝም።

ወደ እኛ ቀረብ ሲል በማላዊ ካሱንጉ አካባቢ ሴሌኒየም ባለበት ማዳበሪያ ከለማ በቆሎ የተፈጨ ዱቄት የተመገቡ ሴቶች እና ሕፃናት በደማቸው ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ጨምሯል። ይህ ለእኛ ትርጉም አለው። በፋብሪካ የሚበለጽግ ዱቄት የራሱን እህል በመንደር ወፍጮ ለሚያስፈጭ ቤተሰብ አይደርስም። ማዳበሪያ ግን በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል እስከ ቀበሌ ይደርሳል።

ጥቂቱ ይበቃል፣ ብዙው ይመርዛል

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ሴሌኒየም 55 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። አንድ ማይክሮ ግራም ማለት አንድ ግራም ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል ነው። በቀን ከ400 ማይክሮ ግራም በላይ መውሰድ ደግሞ አይመከርም። በቻይና ኤንሺ በተባለ ቦታ ሴሌኒየም በበዛበት ምድር የኖሩ ሰዎች ፀጉራቸው እና ጥፍራቸው ረግፏል። በቂ ሴሌኒየም ላላቸው ሰዎች ተጨማሪ ክኒን መውሰድ ከልብ ሕመም እንደማይከላከልም በትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው ጎጂ ሊሆን የሚችለው ነገር ለጎጃም ደጋ ሰው ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ለመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ማዘዝ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

በሙከራ ማሳዎች ላይ የሚጨመረው ሴሌኒየም በሄክታር ከ10 እስከ 20 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በእጅ ዘርቶ ለሄክታር ማዳረስ አይቻልም። በፋብሪካ ከማዳበሪያ ጋር እኩል መቀላቀል ወይም በባለሙያ ተመጥኖ በቅጠል ላይ መረጨት አለበት። ማንም አርሶ አደር ሴሌኒየም ነው ተብሎ የሚሸጥለትን ዱቄት ገዝቶ ማሳው ላይ መበተን የለበትም።

መብዛት የሌለባቸው ማዕድናት

ስለ ማዕድናት እና ስለ ልብ ሲነሣ መጉደሉ ብቻ ሳይሆን መብዛቱም ይታያል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው መግለጫ እርሳስ፣ ካድሚየም እና አርሴኒክ በጥቂት መጠንም ቢሆን ለልብ እና ለደም ሥር ሕመም እንደሚያጋልጡ አሳስቧል። እርሳስ ከአሮጌ ባትሪ እና ከአንዳንድ ቀለሞች ይመጣል። ካድሚየም በትምባሆ ጭስ ውስጥ አለ፤ በፎስፌት ማዳበሪያም ውስጥ እንደ ጥሬ ዕቃው ምንጭ በተለያየ መጠን ይገኛል። አሲዳማ አፈር ካድሚየም ወደ ሰብል እንዲገባ በር ይከፍታል፤ ኖራ ደግሞ በሩን ያጠብባል። አሮጌ ባትሪን በጓሮ አለመስበር፣ የባትሪ አሲድ የነካውን ዕቃ ለምግብ አለመጠቀም፣ በኬሚካል ዕቃ ውኃ አለመቅዳት በየቤቱ ሊደረጉ የሚችሉ ጥንቃቄዎች ናቸው።

ዛሬ ምን ይደረግ?

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የመጀመሪያው ሥራ የኖራ አቅርቦትን እና የአፈር ምርመራን ማጠናከር ነው። ናሙና ሲወሰድ ተዳፋቱ እና ግርጌው፣ ቀዩ እና ጥቁሩ አፈር ለየብቻ ይያዙ። ሁለተኛው፣ የማዳበሪያ ፍላጎት ወደ ዞን እና ወደ ክልል ሲላክ የሴሌኒየም ጉዳይ በጥያቄነት አብሮ ይቅረብ። የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሲሠራ ትኩረቱ የሰብሉን ምርት በሚወስኑ ንጥረ ነገሮች ላይ ነበር። ሴሌኒየም ምርት ስለማይጨምር አርሶ አደሩ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የግብርና ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። ሦስተኛው፣ የግብርና፣ የእንስሳት እና የጤና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ። የጠቦት ሞት፣ የእንቅርት ብዛት እና የአፈር አሲዳማነት ዛሬ በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ተጽፈው ይቀራሉ፤ ጎን ለጎን ቢነበቡ ግን አንድ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

አርሶ አደሩም ከማዳበሪያው በፊት ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጉበት እና ዓሣ ከእህል የተሻለ ሴሌኒየም አላቸው። እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ ከማውጣት ከፍስክ ቀናት ጥቂቱን ለሕፃናት እና ለነፍሰ ጡር ማስቀረት ዋጋው ከብሩ ይበልጣል። በጾም ወቅት የምግቡን ዓይነት ማብዛት ይገባል፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር እና ጎመን እየተፈራረቁ ይቅረቡ። ቤተሰቡ ከሌላ አካባቢ የመጣ እህል ከገበያ ሲገዛም የአንድ አፈርን ጉድለት በሌላው አፈር ያካክሳል።

ልብን በተመለከተ ደግሞ ቅድሚያው መረሳት የለበትም። ጉሮሮው የሚታመም ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የደም ግፊቱን ይለካ። በወጥ እና በበርበሬ የሚገባው ጨው ይቀነስ። እግሩ የሚያብጥ፣ ዳገት ሲወጣ የሚያልከው፣ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ድካም ነው ብሎ አይተወው።

የደጋው አርሶ አደር ማሳውን የሚለካው በኩንታል ነው፤ ይህ ወደፊትም አይቀርም። ነገር ግን ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ከሚለው ጥያቄ ጎን ኩንታሉ ውስጥ ምን አለ የሚለውም መጠየቅ ይኖርበታል። አፈሩን የሚያክም ወረዳ ሕዝቡንም ያክማልና የዘንድሮው የኖራ እና የአፈር ናሙና ዕቅድ ሲወጣ የጤናው ባለሙያም በስብሰባው ላይ ወንበር ይኑረው።